የ1 ዓመት ብድር ወይስ የ15 ዓመት? ለሚከራይ ቤት ግንባታ ስለሚወሰድ ብድርና ስለ መያዣው

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባሴ አካባቢ በሊዝ በያዝኩት 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ስምንት የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ቤት እየሠራሁ ነው። መሠረቱንና ኮለኑን በቁጠባዬ ጨርሻለሁ፤ ለቀሪው ሥራ 2 ሚሊዮን ብር ያስፈልገኛል። አንድ የማውቀው ነጋዴ ገንዘቡን በ12 በመቶ ወለድ ለ1 ዓመት ሊያበድረኝ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ለዋስትና ወደፊት የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክና የቤቱን የሽያጭ ውል እንድፈርምለት ይፈልጋል። ባንክ በበኩሉ ቤቱን አስይዤ በ17 በመቶ ወለድ በ15 ዓመት የሚከፈል ብድር እንደሚሰጠኝ ገልጾልኛል፤ ሂደቱ ግን ወራት ይወስዳል። በሊዝ ውሌ ላይ የተቀመጠው የግንባታ ማጠናቀቂያ ጊዜም እየቀረበ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ውጭ አገር ትገኛለች። ቤቱ ሲያልቅ በወር 40,000 ብር ኪራይ እጠብቃለሁ። ከነጋዴው ወስጄ ቤቱን ከጨረስኩ በኋላ በባንኩ ብድር ብከፍለው አይሻለኝም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወለዱን ብቻ ላየ ሰው የነጋዴው ብድር የተሻለ መስሎ እንደሚታይ እንረዳለን። ይሁን እንጂ ብድሩ የሚከፈለው ቤቱ ከሚያስገባው ኪራይ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወለዱ ስንት ነው የሚለው ሳይሆን፣ ዕዳው በሚጠየቅበት ቀን ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የነጋዴው ውል ዓመት ሲሞላው 2,240,000 ብር በአንድ ጊዜ እንዲከፍሉ ያስገድድዎታል። ቤቱ ዛሬውኑ ተጠናቅቆ ስምንቱም ክፍሎች ቢከራዩ እንኳ በዓመት የሚገኘው 480,000 ብር ነው፤ ይህም የዕዳውን ሩብ አይሞላም። ስለዚህ በዚህ አማራጭ ዕዳውን የሚከፍለው ኪራዩ ሳይሆን ገና ያልተፈቀደው የባንክ ብድር ይሆናል ማለት ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ባንኩ በቃል የገለጸልዎት ፈቃደኝነት ውል አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ በጣለበት ጊዜ፣ መያዣቸው የተሟላ ተበዳሪዎችም ገንዘብ ሳያገኙ መቆየታቸው የሚታወስ ነው። ገደቡ ከዚያ ወዲህ ከፍ እንዲል ቢደረግም፣ የባንክ ብድር በፈለጉበት ወር የሚገኝ ነገር አለመሆኑን አሳይቶናል። በአጭር ጊዜ ብድር ጀምሮ በረጅም ጊዜ ብድር ለመተካት የሚያስብ ሰው፣ የሁለተኛው ብድር ውል ሳይፈረም የመጀመሪያውን እንዳይፈርም አጥብቀን እንመክራለን።

አሁን ወደ ዋስትናዎቹ እንመለስ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበን እነሱ ናቸውና። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3060 መሠረት፣ አበዳሪው ዕዳው ባልተከፈለ ጊዜ ያለ ሕጋዊ ሥርዓት የተያዘውን የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ አስቀድሞ የሚደረግ ስምምነት ውጤት የለውም። ግለሰብ አበዳሪ ቤትዎን በመያዣ ቢይዝ ክስ አቅርቦ፣ ፍርድ አግኝቶ፣ በፍርድ አፈጻጸም በሐራጅ ማሸጥ ይኖርበታል፤ ከዕዳው የተረፈው ገንዘብም የእርስዎ ነው። የመያዣ ውል ሳይሆን የሽያጭ ውል ይፈረምልኝ የሚባለው በአብዛኛው ይህን ጥበቃ ለማለፍ ነው። የሽያጭ ውሉ በሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ተደርጎ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ከተመዘገበ በኋላ፣ «ለብድር ዋስትና ነው እንጂ ቤቴን አልሸጥኩም» ብሎ መከራከር እጅግ ከባድ ነው። የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ እንደሚሆን ቁጥር 2005 ይደነግጋልና፣ በሰው ምስክር ማስተባበል ቀላል አይሆንም። የ2 ሚሊዮን ብር ብድር ከዚያ በላይ የሚያወጣ ቤት ሊያሳጣ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ነጋዴው የቱንም ያህል የሚታመን ሰው ቢሆን፣ ነገ ወራሾቹ ወይም ገንዘብ ጠያቂዎቹ የሚያነቡት ወረቀቱን ብቻ ስለሆነ የሽያጭ ውሉን አይፈርሙ።

ቼኩም ከዚህ አይተናነስም። ቼክ በንግድ ሕጉ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ወደፊት የሚመጣ ቀን ቢጻፍበትም አበዳሪው ነገ ባንክ ይዞት ቢሄድ ከመቅረብ የሚያግደው ነገር የለም። በሒሳብዎ በቂ ስንቅ (ለክፍያው የሚበቃ ገንዘብ) ሳይኖር ቼክ ማውጣት ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ያስቀጣል። በመሆኑም በፍትሐ ብሔር ክስ ሊያልቅ ይችል የነበረ ዕዳ ከእስር ጋር ሊያያዝ ይችላል። «ለዋስትና የተሰጠ ነው» የሚል ማስታወሻ ቼኩ ላይ መጻፉ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አድርገው አይውሰዱት።

ከነጋዴው ጋር የግድ መዋዋል ካለብዎት፣ ግንኙነቱ በግልጽ የብድርና የመያዣ ውል ይሁን። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ተበዳሪው በፍርድ ቤት በሚሰጠው የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ይደነግጋል፤ ይኸው ደንብ ብድሩ ስለመመለሱም ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱን ክፍያ በባንክ ማስተላለፍና ደረሰኙን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በውሉ የሚጻፈው ዋና ገንዘብ በእርግጥ ከተቀበሉት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በግለሰቦች መካከል በስምምነት የሚወሰን ወለድ በቁጥር 2479 መሠረት ከ12 በመቶ ሊበልጥ ስለማይችል፣ ትርፉን ዋናው ገንዘብ ውስጥ ደብቀው 2 ሚሊዮኑን 2 ሚሊዮን ተኩል አድርገው የሚያስፈርሙ አበዳሪዎች አሉ። አራጣ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 712 የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ ከፈረሙ በኋላ ማስረዳቱ የእርስዎ ሸክም ይሆናል።

የባንኩ ብድርም የራሱ ስጋት አለበት። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ይህ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክስ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ውሉን ሲያነቡ በተለይ ሁለት አንቀጾችን ይፈልጉ። አንደኛው አንድ ክፍያ ሲቋረጥ ቀሪው ዕዳ በሙሉ ወዲያውኑ የሚጠየቅ ይሆናል የሚለው ነው። ሁለተኛው ባንኩ የወለድ ምጣኔውን በየጊዜው ሊያሻሽል ይችላል የሚለው ሲሆን፣ በእርስዎ ሁኔታ ከባዱ ይህ ነው። 2 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ወለድ በ15 ዓመት በእኩል ወርኃዊ ክፍያ ሲመለስ በወር 30,800 ብር ገደማ ይሆናል፤ ወለዱ ከመነሻው 20 በመቶ ቢሆን ኖሮ ግን 35,100 ብር ገደማ ይደርስ ነበር። እርስዎ በበኩልዎ የቤት ኪራይን በዚያው ልክ ለመጨመር ነፃ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስና ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት እንዲሆን ስለደነገገ፣ በከተማዎ ያለውን አፈጻጸም ከከተማ አስተዳደሩ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከስምንቱ ክፍሎች ሁለቱ ባዶ ቢሆኑ ገቢዎ ወደ 30,000 ብር ይወርዳል፤ ግብርና ጥገና ሳይቀነስ እንኳ ክፍያውን አይሸፍንም። በኢንዱስትሪ ፓርኩና በዩኒቨርሲቲው ምክንያት ተከራይ ይኖራል ብሎ ማሰብ ተገቢ ቢሆንም፣ ዕዳ ሲገባ የሚታሰበው ክፍሎች ባዶ የሚሆኑበት ወር ነው። ስለዚህ ምክራችን ብድሩን ወደ 1.5 ሚሊዮን ብር ዝቅ አድርገው በባንኩ በኩል እንዲወስዱ፣ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 23,100 ብር ገደማ ስለሚሆን ቀሪዎቹን ክፍሎች ከኪራዩ ቀስ በቀስ እንዲጨርሱ ነው። ለግንባታው ወራት ዋናው ገንዘብ የማይከፈልበት የእፎይታ ጊዜም በውሉ እንዲካተት ይጠይቁ። የአጭር ጊዜ ብድር የሚያዋጣው ክፍያው ከየትና መቼ እንደሚመጣ በእርግጠኝነት ሲታወቅ፣ ለምሳሌ ተሽጦ ገንዘቡ በታወቀ ቀን የሚገባ ንብረት ሲኖር ነው።

የሊዝ ውሉ ጊዜ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ፣ ጊዜው ከማለፉ በፊት ለከተማው የመሬት አስተዳደር የማራዘሚያ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርበው የገቢ ማህተም ያለበትን ቅጂ ይያዙ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ መብት በዋስትና የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ ክፍያ መጠን ስለሆነ፣ የከፈሉባቸው ደረሰኞችም ለባንኩ ግምት ያስፈልጋሉ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ቤቱ የጋራ ከሆነ ያለ እሷ ስምምነት ማስያዝም ሆነ ይህን ያህል ገንዘብ መበደር እንደማይቻል የቤተሰብ ሕጉ ይደነግጋል፤ በአማራ ክልል የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ቀድሞ የሰጠችዎ ውክልና ካለ ቃላቱን ይመልከቱ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። አዲሱ ውክልና ከባንክ እንዲበደሩ፣ ቤቱን በመያዣነት እንዲሰጡና የመያዣውን ውል እንዲፈርሙ በግልጽ ይግለጽ፤ ባለችበት አገር ባለው ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላችን ተረጋግጦ ይላክ። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከዛሬ ይጀምሩት።

በመጨረሻም የመያዣ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3045 መሠረት የተያዘበትን የገንዘብ መጠን በኢትዮጵያ ብር ካልገለጸ፣ በቁጥር 3052 መሠረትም ካልተመዘገበ ውጤት የለውም። ምዝገባው ለ10 ዓመት የሚጸና ሲሆን ባንኩ ሊያሳድሰው ይችላል፤ የምዝገባው ጊዜ በማለፉ ዕዳው ይቀራል ብለው እንዳይዘናጉ። የመጨረሻውን ክፍያ በከፈሉ ጊዜ ከባንኩ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀብለው፣ መያዣው ከከተማው መዝገብ መሰረዙን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ይጠይቁ።