ለራሴ አንድ ሰዓት ብመኝ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። የ4 ዓመት ወንድና የ2 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ማታ ደክሞት ነው የሚገባው። ከማግባቴ በፊት ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግል ነበር፤ ውዳሴ ማርያምና ዳዊት ሳልደግም ከቤት አልወጣም። አሁን አቡነ ዘበሰማያት ሳልጨርስ አንዳቸው ያለቅሳሉ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ልጆቹ “ሐይቅ እንሂድ” ይላሉ። ስወስዳቸው ሰንበትን በጨዋታ ያጠፋሁ ይመስለኛል፤ ስከለክላቸው አንጀቴን ይበሉታል። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን፣ አንዳንዴ ሁሉንም ትቼ ለአንድ ሰዓት ብቻዬን መሆን ያምረኛል። ይህ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላውንም ያከበደብሽ እሱ ይመስለኛል። ብቻሽን መሆን ማማርሽ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። ያንቺን ቤት አይመስልም? ጌታም “እናንተ ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ” አላቸው (ማር. 6፥31)። ደግሞ ቀጥሎ ያለውን አንብቢው። ያ ዕረፍት አልሞላላቸውም፤ ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀድሟቸው ደረሰ። ጌታም ሲያያቸው አዘነላቸው። ልጅሽ ገና አረፍ ስትዪ ከእንቅልፏ ስትነሣ ይህ ትዝ ይበልሽ።

አባ እንጦንስ ከመነኮሳቱ ጋር ሲጫወቱ አንድ አዳኝ አይቶ ቅር አለው። አባ እንጦንስም “ቀስትህን ገትር” አሉት፤ ገተረ። “ጨምር” አሉት፤ ጨመረ። ሦስተኛ ሲሉት “ከዚህ በላይ ብገትረው ይሰበራል” አላቸው። “የወንድሞችም ነገር እንዲሁ ነው” ብለው መለሱለት። ይህን ያሉት የበረሃው መናኝ ናቸው። ሁለት ሕፃናት ይዛ ሌሊት የምትነሣ እናትማ እንዴት አብልጦ አይገባት!

ወደ ሐይቁ ልመለስ። እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆች እንዴት እንደምናስተምር ሲያዝ፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን እንዲህ ይለዋል፦ “በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው” (ዘዳ. 6፥7)። እዚህ “ተጫወተው” ማለቱ ስለ እሱ አውራ፣ ተነጋገርበት ለማለት ነው፤ ዛሬም አዋቂዎች “ስንጫወት መሸብን” እንላለን። የ4 ዓመት ልጅ ግን ወሬውና ሩጫው አንድ ነው፤ እየሮጠ ነው የሚጠይቅሽ። ትእዛዙ መንገድ መሄድንም እንደጨመረ ልብ በዪ።

ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ብትወስጃቸው ጀልባው፣ መረቡ፣ ከመረብ የሚፈታው ቆሮሶ ዓሣ፣ ሥጋ ሲጣል የሚሻማው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ አለ። “ጴጥሮስና እንድርያስም እንዲህ መረብ ሲጥሉ ነው ጌታ የጠራቸው” ብትዪው ልጅሽ አይረሳውም። ታቦር ተራራ ስትወጡ ስሙን ከየት እንዳገኘ ንገሪው፤ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲጨፈር ራሱ ያስታውስሻል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቅዳሴው ሳያልቅ ለሐይቁ አትቸኩሉ። ልጆቹ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ አሰናባቹን ጸሎት ሰምታችሁ፣ ከዚያ ሂዱ። ጾም ከሆነ ዓሣው ይቅርና በጀልባው ይደሰቱ።

ስለ ጸሎትሽ፣ ሳታገቢ የያዝሽውን ሥርዓት እንዳለ ለመሸከም አትሞክሪ፤ ግን ራስሽም ዝም ብለሽ አትተዪው። ለንስሐ አባትሽ ቤትሽን እንዳለ ንገሪያቸውና እሳቸው ይመጥኑልሽ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን ብቻ ማድረስ ይበቃል። ከዳዊት አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ ካልቻልሽ አንዱን መዝሙር በዪ። ሲያለቅሱ ታቅፈሽ ቁሚ፤ እያዩሽ ማማተብ ይማራሉ። ሕፃን ታቅፋ የቆመች እናት አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ብትጀምረውም፣ እግዚአብሔር ማቋረጧን የሚቆጥርባት አይምሰልሽ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ስለ እሱ “ደክሞት ይገባል” ብለሽ አልፈሻል፤ አንቺ ግን መቼ ነው ከሥራ የምትገቢው? እኔ የመጀመሪያ ልጄ ሕፃን ሳለች ማታ ማታ ጉባኤ ላይ ነበርኩ፤ ቤት የምገባው ለእንቅልፍ ነበር። ባለቤቴ ዳዊት መድገም ማቆሟን ያወቅሁት ከስንት ወር በኋላ መጽሐፏ አቧራ ለብሶ ሳገኘው ነው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እሷም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ንገሪው። በደፈናው “አግዘኝ” አትበዪው፤ “ቅዳሜ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ልጆቹ ካንተ ጋር ናቸው” በዪው። ብቻውን ሲይዛቸው ይለምዱታል፤ እሱም ይለምዳቸዋል፤ አባትነቱን ከዚያ ውጭ የሚማርበት ቦታ የለም።

ያን ሰዓት ስታገኚው ስልክሽን ቤት ተዪው። ስልክ ላይ ያለፈ ሰዓት እንዳላሳረፈሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ብትፈልጊ ገብርኤል ቅጥር ገብተሽ ዛፍ ሥር ተቀመጪ፤ ብትፈልጊ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብቻሽን ተራመጂ፤ ብትፈልጊ ተኚ። መተኛትሽንም ለንስሐ አባትሽ እንደ በደል አትንገሪያቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።