በመስከረም ሲክስዝ ፎርም ለምትገቡ ልጆቻችን

ውድ ልጆቼ፣

ነሐሴ ላይ የጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. (በ16 ዓመት ዕድሜ የሚወሰደው አገር አቀፍ ፈተና) ውጤታችሁን ይዛችሁ ከለንደን መራጭ የመንግሥት ሲክስዝ ፎርም ኮሌጆች በአንዱ ቦታ ያገኛችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በዚህ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሕንፃ መሐንዲስነት የሠራሁ፣ አሁን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበረሰባችን አዳራሽ ታላላቆቻችሁን ሒሳብ የማስጠና ሰው ነኝ። በእነዚህ ቅዳሜዎች ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ስላሳሰበኝ፣ ትምህርት ሳይጀመር ልነግራችሁ ወደድሁ።

አስቀድማችሁ የገባችሁበትን ቦታ ለወላጆቻችሁ በሚገባ አስረዷቸው። አንዲት እናት «ሲክስዝ» የሚለውን ቃል ሰምተው፣ ልጃቸው ወደ ስድስተኛ ክፍል የተመለሰች መስሏቸው እንቅልፍ አጥተው ነበር። ስሙ ሳይለወጥ የቆየው ድሮ ፎርም፣ ማለትም የክፍል ደረጃ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይቆጠር ስለነበር ነው፤ ዛሬ 12ኛና 13ኛ ዓመት የሚባሉት፣ ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያገለግለው ኤ-ሌቭል የሚጠናባቸው ሁለቱ ዓመታት ናቸው። በ2012 ስትራትፎርድ ላይ የተከፈተው ለንደን አካዳሚ ኦፍ ኤክሰለንስና በ2014 የተከፈተው ሃሪስ ዌስትሚንስተር፣ ብዙ ገንዘብ የሚከፈልባቸው የግል ትምህርት ቤቶች እያገዟቸው የተቋቋሙ፣ ተማሪው ግን አንድ ሳንቲም የማይከፍልባቸው ኮሌጆች ናቸው። ክፍያው ቢቀርም መግቢያው ጠባብ ነው፤ እናንተም ያለፋችሁት በውጤታችሁ ነው። ደግሞም አብዛኛው ተማሪ የሚያጠናው ሦስት ወይም አራት ትምህርት ብቻ ስለሆነ፣ በሳምንቱ ውስጥ አስተማሪ የማይገባባቸው ብዙ ሰዓቶች አሉ። እነዚህ ሰዓቶች የዕረፍት አለመሆናቸውን ወላጅም ተማሪም ከመጀመሪያው ሳምንት ቢያውቅ ይሻላል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከየትምህርት ቤታችሁ የመጣችሁት አንደኛ ሆናችሁ ነው፤ አጠገባችሁ የሚቀመጠውም አንደኛ ሆኖ የመጣ ነው። እስከ ዛሬ የጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ከፍተኛ ውጤቶች የሆኑትን ዘጠኝና ስምንት ስታመጡ ኖራችሁ፣ ጥቅምት ላይ በመጀመሪያው የክፍል ፈተና ወረቀታችሁ «ዲ» ተጽፎበት ሲመለስ፣ ያን ወረቀት ቦርሳችሁ ሥር ደብቃችሁ ዝም ትላላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ዲው ሳይሆን ዝምታው ነው።

ባለፈው ጥር አንድ የ13ኛ ዓመት ተማሪ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል የሚመለከት የመካኒክስ (የኃይልና የእንቅስቃሴ ሒሳብ) ጥያቄ ይዞልኝ መጣ። የመሰላሉን ክብደት፣ የግድግዳውንና የወለሉን ግፊት፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ሰበቃ በቀስት በቀስት አድርጎ በጥሩ ሁኔታ ሥሎ፣ በመሰላሉ እግር ዙሪያ ያለውን የሞመንት፣ ማለትም የኃይሎቹን የማዞር አቅም የሚያመዛዝነውን፣ እኩልታ ጻፈ። የመጨረሻው ቁጥር ከተሰጠው መልስ ጋር አልገጥም ሲለው፣ ምንም ሳይናገር ላጲሱን አንሥቶ ገጹን በሙሉ አጠፋው፤ ሥዕሉን እንኳ አላስቀረም። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ሲፈትገው አየሁና እጁን ያዝሁት። ስህተቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ሳይንና ኮሳይንን አቀያይሯል። በኤ-ሌቭል ሒሳብ ማርክ የሚሰጠው ለመጨረሻው መልስ ብቻ አይደለም፤ ለዘዴው ለብቻ፣ ለትክክለኛነቱ ለብቻ ይሰጣል። ሳይንና ኮሳይን ያቀያየረ ተማሪ የሚያጣው የትክክለኛነቱን ማርክ ሲሆን፣ የዘዴው ማርክ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፍለታል። ኤዴክሰል የተባለው የፈተና ቦርድም፣ ተማሪው በላዩ ሰርዞበት በሌላ ያልተካውን ሥራ ሳይቀር እንዲያርሙ የፈተና አራሚዎቹን ያዝዛል። ላጲስ ያጠፋውን ግን ማንም ሊያርምለት አይችልም።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ያልተሟላ ሥራ ለሰው ማሳየት ነውር ነው ብሎ ያደገ ነው። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። አዲስ አበባ ስማር በአንድ ክፍል ሰባ እንሆን ስለነበር እጅ ማውጣት የመምህሩን ጊዜ መሻማት ይመስለን ነበር፤ ዝም ብሎ ማዳመጥም ጨዋነት ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቴ በስደት ለንደን መጥቼ ኤ-ሌቭል ስጀምር ያንኑ ዝምታ ይዤ ገባሁ። የፊዚክስ መምህሬ «ገባህ?» ባሉኝ ቁጥር አንገቴን እነቀንቅ ነበር፤ የሚሉት ነገር ግማሹ እንኳ ሳይገባኝ። እሳቸው የገባኝ መስሏቸው አለፉ፤ እኔም ወድቄ አንድ ሙሉ ዓመት ደገምሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ እኔ ተረቱን እያወቅሁት አልሠራሁበትም።

ስለዚህ ባዶ ሰዓታችሁ የመምህራችሁን በር የምታንኳኩበት ሰዓት ይሁን። «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ፤ ወረቀታችሁን ዘርግታችሁ «እስከዚህ ሄጃለሁ፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» በሉ። መምህር የሚረዳው የቆማችሁበትን መስመር ሲያይ ነው።

ከትምህርቱ ውጭም ዝምታው ይጎዳል። ቤታችሁ ከተቸገረ ከ16 እስከ 19 ዓመት ላሉ ተማሪዎች የተመደበ የድጎማ ገንዘብ በየኮሌጁ አለ፤ ለመጽሐፍም ለመጓጓዣም ሊሆናችሁ ስለሚችል ማመልከት አሳፋሪ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። ኮሌጅ ለመግባት ያላስቸገረ ፈቃድ የዩኒቨርሲቲ ብድር ሊያስከለክል ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ተቀባይነት አግኝቶ ስደተኛ የተባሉት መበደር ይችላሉ፤ የተወሰነ ጊዜ ፈቃድ ያላቸው ግን ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ቢያንስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ወይም 20 ዓመት በዚህ አገር መኖራቸው ይታያል፤ ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። ይህን በ13ኛ ዓመት ሰኔ ላይ የሰማ ልጅ ልቡ ሲሰበር አይቻለሁ። በ12ኛ ዓመት ለኃላፊ መምህሩ ቢናገር ኖሮ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለስደተኛ ተማሪዎች የሚሰጡትን ነፃ የትምህርት ዕድል በጊዜው ይፈልጉለት ነበር። ሕክምና ወይም ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የምታስቡም ማመልከቻው የሚዘጋው በ13ኛ ዓመት ጥቅምት አጋማሽ ላይ መሆኑን ከወዲሁ ያዙ፤ ሕክምናው የእናንተ ሳይሆን የወላጆቻችሁ ምኞት ከሆነም፣ ከዚያ ቀን በፊት በጨዋ ቃል ንገሯቸው።

የወላጆች ምሽት ሲጠራ ደግሞ አስተርጓሚዎቹ እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤቴን አጅቤ ሄጄ ነበር። የኬሚስትሪ መምህሯ «ልጅዎ በጣም ዝም ትላለች፤ ይህ ያሳስበኛል» ሲሉ፣ ልጅቱ ለአባቷ «ጨዋ ናት ይላሉ» ብላ ተረጎመች። አባት ደስ ብሏቸው መምህሯን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እኔ እንግሊዝኛውን ሰምቼ ነበር፤ ነገር ግን እሷ ራሷ እንድትናገር ብዬ ዝም አልሁ። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ብዙ መንገድ አንገቷን ደፍታ ከሄደች በኋላ፣ «አባዬ፣ ቅድም በትክክል አልነገርኩህም» ብላ መምህሯ ያሉትን ቃል በቃል ነገረችው። አባት ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ነገ ገብተሽ ጠይቂያቸዋ፤ እኔ የማላውቀውን እሳቸው ያውቁታል» አሏት።