ለቤተሰብ የሚሆን ሴዳን፦ አዲስ ወይስ ያገለገለ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

መካከለኛ መጠን ያለው የቤተሰብ ሴዳን ስለመግዛት ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱን በዚህ ዕትም እናስተናግዳለን። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለት ሕፃናት ልጆች አሉን፤ እናቴም አብራን ስለምትኖር ከኋላ ዘወትር ሦስት ሰው ይቀመጣል። ያጠራቀምነው ገንዘብ አዲስ፣ ግን አነስተኛ የሆነ ሴዳን፣ ወይም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለገለ እንደ ቶዮታ ካምሪ፣ ሆንዳ አኮርድ ወይም ሃዩንዳይ ሶናታ ያለ መካከለኛ ሴዳን ለመግዛት ይበቃል። ባለቤቴ ዋስትና ያለውን አዲሱን ትመርጣለች፤ እኔ ደግሞ ሰፊውን እመርጣለሁ። የእርስዎ ምክር ምንድን ነው?

መልስ፦ ያገለገለውን መካከለኛ ሴዳን እንድትገዙ እመክራለሁ። ምክንያቴን ሳስረዳ ከገንዘቡ በፊት የኋላውን ወንበር አስቀድማለሁ፤ መኪናው በሚያገለግላችሁ ዓመታት ሁሉ በየቀኑ የሚያስደስታችሁም ሆነ የሚያማርራችሁ እርሱ ነውና። የሕፃናት መቀመጫ የሚታሰርባቸው አይሶፊክስ የሚባሉት ማያያዣ ብረቶች በአብዛኞቹ ሴዳኖች የሚገኙት በኋላ ወንበር ግራና ቀኝ ብቻ ስለሆነ፣ እናትዎ መሐል ላይ መቀመጣቸው የማይቀር ነው። በአነስተኛ ሴዳን ውስጥ በሁለት የሕፃናት መቀመጫዎች መካከል የሚተርፈው ስፋት ለአንድ አዋቂ ሰው አይበቃም፤ ብዙ ጊዜም የመሐለኛው ቀበቶ መቆለፊያ በሕፃኑ መቀመጫ ሥር ይሸፈንና ቀበቶውን ማሰር ራሱ ያስቸግራል። ወደ ኋላ የሚያይ የጨቅላ ሕፃን መቀመጫ ካላችሁ ደግሞ የፊቱን ወንበር ወደፊት ስለሚገፋው ከፊት የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል።

መካከለኛ የሚባሉት ሴዳኖችም በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ ከመሐል እግር ሥር ከፍ ያለ ጉብታ አላቸው፤ የአንዳንዶቹ ጣሪያ ደግሞ ወደ ኋላ በጣም ስለሚያዘቀዝቅ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲገባና ሲወጣ ጭንቅላቱን ይመታል። ስለዚህ መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ሁለቱንም የሕፃናት መቀመጫዎች ይዛችሁ ሂዱና አስራችሁ ሞክሩ፤ እናትዎም መሐል ላይ ተቀምጠው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል ይጓዙ። ሻጩ ይህን ለመፍቀድ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አዲስ መኪና ከዋጋው ከፍተኛውን ድርሻ የሚያጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ሲሆን ከእነዚያም የመጀመሪያው ዓመት ይብሳል። የሦስት ወይም የአራት ዓመት መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ኪሳራ ለመጀመሪያው ባለቤት ትቶ የሞተሩንና የካምቢዮውን አብዛኛውን ዕድሜ ይረከባል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት በሁሉም ገበያ እኩል አይሠራም። አዲስ መኪና እንደልብ በማይገኝበት ወይም ቀረጡ በከበደበት ገበያ ያገለገለ መኪና ዋጋው እምብዛም ስለማይወርድ፣ በአዲሱና ባገለገለው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ሆኖ ካገኛችሁት የባለቤትዎ ምርጫ ሚዛን ይደፋል። መኪናውን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለመያዝ ካሰባችሁም እንዲሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪሳራ በረጅሙ ዘመን ላይ ሲከፋፈል ይቀላል።

የአደጋ መከላከያን በሚመለከት የመኪናው ስም ወይም ትልቅነት ብቻውን አያስተማምንም። በ2012 መጨረሻ በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም መካከለኛ የቤተሰብ መኪኖችን በአዲስ ዓይነት ፈተና ፈትኖ ነበር፤ በዚህ ፈተና መኪናው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ የፊቱ ወርድ አንድ አራተኛ ብቻ ከጠንካራ መሰናክል ጋር ይጋጫል። የዚያን ጊዜው አኮርድ ከፍተኛውን ደረጃ ሲያገኝ በአስተማማኝነቱ ስመ ጥር የሆነው ካምሪ ዝቅተኛውን አገኘ። ካምሪ ከዚያ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበት የ2014ቱ ሞዴል የተሻለ ውጤት አምጥቷል። ስለዚህ የምትመርጡትን መኪና ውጤት ስትፈልጉ በስሙ ብቻ ሳትወሰኑ በትክክለኛው የምርት ዓመቱ ፈልጉ።

የባለቤትዎን ሐሳብ አቅልዬ እንዳላየሁት ይንገሩልኝ። አሽከርካሪው ሳያስተውል ሲቀር በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት በአዲስ መኪኖች ላይ እየተለመደ መጥቷል። ሆኖም ያገለገለ መኪናም ሊኖረው ይችላል፤ በአሜሪካ ገበያ ካምሪም አኮርድም ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ይህን ከርካሹ እስከ ውዱ በሁሉም ደረጃዎች አካትተዋል። ለሌላ ገበያ የተሠራ ተመሳሳይ ሞዴል ግን ላይኖረው ስለሚችል፣ ሻጩን አምኖ ከመቀበል የፊት መስታወቱን ላይኛ ክፍል ለካሜራ፣ ማኑዋሉን ደግሞ ለማብራሪያው መመልከት ይሻላል።

በመጨረሻም ያገለገለውን ከመረጣችሁ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ በሙሉ ለሻጩ አትስጡ። በእኔ አስተያየት ቢያንስ አንድ አሥረኛው ለመጀመሪያው ዓመት ወጪ መቀመጥ አለበት፤ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪና ጎማ በአንድነት ሲመጡ ወጪያቸው ቀላል አይደለምና። ለዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለ በዋጋ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ በይዞታው ግን የተሻለ መኪና መግዛት ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ስምንት ዓመት ያገለገለ መካከለኛ ሴዳን ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ቆጣሪው 68,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ ሻጩም አንድ ሰው ብቻ እንደነዳውና አደጋ እንዳልደረሰበት ይነግሩኛል። ያስጠረጠረኝ ነገር ቢኖር፣ ለማየት በሄድኩ ቁጥር መኪናው ታጥቦና ሞተሩ ሞቆ የሚጠብቀኝ መሆኑ ነው። ለመካኒክ ከመክፈሌ በፊት እኔ ራሴ ማየት የምችለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ ብዙ ችግር ያጋልጣል፤ የሞቀ ሞተር ግን ይደብቀዋል። ሻጩን ሞተሩን ሳያስነሱ እንዲጠብቁዎት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ዳስሰው መቀዝቀዙን ያረጋግጡ። ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የብረት መንኳኳት የላላ የታይሚንግ ካቴና (የሞተሩን ቫልቮች መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚያስተካክለው ሰንሰለት) ምልክት ሊሆን ይችላል። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና በቅናሽም ቢሆን እንዲገዙ አልመክርም። ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን፣ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ወተት የመሰለ ቅልቅል መኖሩን ይመልከቱ።

ቆጣሪውን በሚመለከት፣ ስምንት ዓመት ያገለገለ የቤተሰብ መኪና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢነዳ ኖሮ 120,000 ይደርስ ነበር። 68,000 እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በማስረጃ መደገፍ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ በየጊዜው ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት የሰርቪስ ደብተር ነው። ደብተሩ ከሌለ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የአሽከርካሪውን ወንበር ጠርዝ ያስተውሉ፤ እነዚህ አልቀው ቆጣሪው ትንሽ ካሳየ ቁጥሩ ተነካክቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። አዲስ የፔዳል ጎማ በአሮጌ መኪና ላይ ማግኘትም ጥያቄ ያስነሳል። የጎማዎቹ ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው የምርት ቀን ታትሟል፤ 2319 ማለት በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። አራቱም ጎማዎች አብረው የተመረቱ ሆነው ከመኪናው ዕድሜ ጋር ከተቀራረቡ ለዝቅተኛው ኪሎ ሜትር አንድ ደጋፊ ምልክት ነው፤ ሆኖም ስምንት ዓመት የሆነው ጎማ ጥርሱ ጥሩ ቢመስልም መቀየር ስላለበት ዋጋውን ከድርድሩ ላይ ይቀንሱ።

አደጋ አልደረሰበትም የሚለውን ለማጣራት መኪናውን በቀን ብርሃን፣ ደረቅ ሳለ ይመልከቱት፤ ውሃ የነካው ቀለም ጉድለቱን ስለሚሸፍን የታጠበ መኪና እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። በበሮቹና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት። ፓራፋንጎውንና ኮፈኑን የያዙት ብሎኖች ላይ ያለው ቀለም በቁልፍ ተልጦ ከሆነ ክፍሉ ተፈትቷል ማለት ነው። ብዙ ገዢዎች የማያውቁት አንድ ቦታም አለ፦ የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጧቸው። ብዙ ጊዜ ከታች በኩል የምርት ቀን የተጻፈበት ጨርቅ ስለሚኖር፣ ቀኑ ከመኪናው ዓመት ዘግይቶ ከተገኘ ቀበቶው ከግጭት በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ቀበቶው ላይ የጭቃ ወይም የውሃ መስመር ካዩ ደግሞ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ይጠርጥሩ፤ በወንበሩ ሐዲድ ላይ ያለ ዝገትና ከምንጣፉ ሥር የሚወጣ የሻጋታ ሽታ ይህንኑ ያጠናክራሉ። ጎርፍ የገባበት ዘመናዊ መኪና የኤሌክትሪክ ችግሩ ከዓመት በኋላም ቢሆን ስለሚመለስ፣ በምንም ዋጋ መግዛት የለበትም የሚል አቋም አለኝ።

የሻሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን፣ በፊት መስታወቱ ሥር፣ በበሩ ምሰሶ ላይና በሊብሬው ላይ ያለው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በዚሁ ቁጥር አምራቹ ለነጻ ጥገና የጠራቸው ጉድለቶች መኖራቸውንና መስተካከላቸውን ማጣራት ይቻላል። ይህ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ስለሚበላሽ፣ ኤርባጉ ሲከፈት የብረት መያዣው ተሰባብሮ ተሳፋሪዎችን ገድሏል፤ ችግሩ የብዙ አምራቾችን መኪኖች ይመለከታል። ሃዩንዳይም የ2011 እስከ 2014 ሶናታዎችን በ2015 እና በ2017 በአሜሪካ የጠራው በሞተሩ ውስጥ የቀረ የብረት ፍርፋሪ የፒስተን ዘንግ ኩሽኔታዎችን ስለሚበላ ነበር።

በሙከራ ጉዞው ወቅት ካምቢዮውን ያዳምጡ። ሲቪቲ የሚባለው፣ ማርሽ ሳይቀይር ያለ ደረጃ የሚሠራው ካምቢዮ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኒሳን በአሜሪካ ከ2013 እስከ 2016 ለተመረቱት አልቲማዎች የዚህን ካምቢዮ ዋስትና ማራዘሙ ይታወሳል። መኪናው ዳገት ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ይተዉት። ቀጥሎም መካኒኩን በኮምፒውተር ሲፈትሽ የተመዘገበ ስህተት መኖር አለመኖሩን ብቻ እንዳያይ ያሳስቡት። ሻጭ ስህተቶቹን ከአንድ ቀን በፊት ሊያጠፋቸው ይችላል፤ ይህ ሲሆን ግን መኪናው በራሱ የሚያደርጋቸው የልቀት ፍተሻዎች ገና አልተጠናቀቁም ብሎ መሣሪያው ያሳያል። ብዙዎቹ ፍተሻዎች ያልተጠናቀቁ ሆነው ከተገኙ፣ ሻጩ ባትሪ ተነቅሎ ነበር ቢሉ እንኳን፣ መኪናው ለጥቂት ቀናት ተነድቶ ፍተሻው እንዲደገም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካምሪ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ ግን ባትሪው ካለቀ ከመኪናው ዋጋ የማይተናነስ ወጪ ይጠይቃል እያሉ ያስፈራሩኛል። ልተወው?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይተዉት። የቶዮታ ሃይብሪድ ሴዳን ከሚፈራው ይልቅ ጠንካራ ነው። ካምቢዮው ሲቪቲ ቢባልም እንደሌሎቹ ሲቪቲዎች በቀበቶ የሚሠራ ሳይሆን በጥርሶችና በሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚሠራ ስለሆነ የሚንሸራተት ቀበቶ የለውም። ፍጥነት ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራውም ከተራው መኪና ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ባትሪው በብዙ ክፍሎች የተገነባ ነው፤ መካኒኩ በስካነር የእያንዳንዱን ክፍል ቮልቴጅ በጉዞ ላይ ማየት ስለሚችል አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በጉልህ ዝቅ ካለ ባትሪው መዳከም ጀምሯል ማለት ነው። እርስዎ ራስዎ ሊያዩት የሚችሉት ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ያለውን የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር መግቢያ ነው። በአቧራ ወይም በፀጉር ተደፍኖ ከተገኘ ባትሪው ለረጅም ጊዜ በሙቀት ሲሠቃይ ቆይቷልና፣ የቮልቴጁ ምርመራ ሳይካሄድ ቀብድ አይክፈሉ።