ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ታዲያ ለምን አልሠራም? ስለ ፖሊሲ ማሻሻያ ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት የሠራሁት በፖሊሲ ማሻሻያ ፕሮጀክቶች ውስጥ ነው። አንዳንዴ አማካሪ ሆኜ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምክር ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ። የባለሙያ ምክር ከወረቀት አልፎ እንዴት ዘላቂ ለውጥ እንደሚሆን የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥናታችን ጥልቅ ነበር። ኃላፊዎቹም አመስግነው ተቀበሉት። ዓመት ሞላው፤ ከምክረ ሐሳቦቹ አንዱም ሥራ ላይ አልዋለም። የቱ ጋ ነው የሳትነው?

ጥናታችሁን አላየሁትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የጥናቱን ጥያቄ ያወጣው ማን ነው? እናንተ ከሆናችሁ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። አንድ መሥሪያ ቤት ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ብታመጡለት ያመሰግናችኋል፤ አይጠቀምበትም።

ሁለተኛው ችግር ሰፋ ይላል። የጋናን የተጨማሪ እሴት ታክስ እንውሰድ። ጋና ታክሱን በማርች 1995 በ17.5 በመቶ ጀመረች። የድሮውን የሽያጭ ታክስ በተሻለ ሥርዓት መተካት በራሱ ስህተት አልነበረም። ግን ነጋዴው አሠራሩ በቅጡ አልገባውም። ዋጋ ናረ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በሰልፉም የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥቂት ወራት ውስጥ ታክሱ ተሰርዞ የድሮው ተመለሰ።

በ1998 መጨረሻ ያው ታክስ እንደገና መጣ። አሁን መጣኔው 10 በመቶ ነበር። ትንንሽ ነጋዴዎች እንዳይነኩ የመመዝገቢያው መነሻ ከፍ ተደረገ። ሕዝቡን ማስረዳቱም ረዘም ያለ ጊዜ ተሰጠው። ይኼኛው ጸና። በ2000 መጣኔው ወደ 12.5 በመቶ ከፍ ሲል ደግሞ ጭማሪው ለትምህርት ፈንድ እንዲውል ተደረገ። ሰው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አወቀ ማለት ነው።

የታክሱ ስሌት በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ከመጣኔው ሌላ የተለወጠው ማንን እንደሚነካ፣ በምን ፍጥነት እንደሚመጣና ለሰው እንዴት እንደሚነገር ነው። በአብዛኞቹ የጥናት ሰነዶች ውስጥ ይህ ሁሉ መጨረሻ ላይ "የአፈጻጸም አቅጣጫ" ተብሎ ግማሽ ገጽ ይሰጠዋል። እኔ የሥራው ግማሽ ቢሆን እመርጣለሁ።

አሁንም አልረፈደም። ከምክረ ሐሳቦቻችሁ አንዱን ብቻ ምረጡ። ቢጸድቅ ሥራውን በእጁ የሚሠራውን ባለሙያ ፈልጉ፤ ኃላፊውን አይደለም የምላችሁ። አጠገቡ ተቀመጡ። የቱ መመሪያ ይከለክለዋል? የቱ ቅጽ ይቀየር? ማን ይፈርማል? እነዚህን ካወቃችሁ ሰነዱን እንደገና መጻፍ ሳያሻችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ኃላፊዎቹ ቁርጠኝነት የላቸውም። ያለ እሱ ምን ማድረግ ይቻላል?

"ቁርጠኝነት የለም" የሚል ሪፖርት ሳነብ እጠራጠራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይሸፍናል። ኃላፊው ይህን ቢያደርግ ማን ይቆጣዋል? ምን ያጣል? ከአንገት በላይ "እሺ" የሚል ሰው ያላችሁትን በደንብ ሰምቷል። እናንተ ያላያችሁት አደጋ ስለታየው ነው የማይንቀሳቀሰው።

ስለዚህ ለብቻው አግኙትና ጠይቁት። በስብሰባ ላይ ማንም እውነቱን አይናገርም። "ይህን ቢያደርጉ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?" በሉት። መልሱ አንዳንዴ ያስገርማል። ለምሳሌ ወጪ የሚቆጥብ አሠራር አምጥታችሁለት ይሆናል። እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የቆጠበው ያህል ከበጀቱ እንደሚቀነስበት ያውቃል። በቆጠበ ይቀጣል ማለት ነው። እንግዲህ ምክሩ መለወጥ አለበት፤ ከቁጠባው የተወሰነው እዚያው እንዲቀር መጀመሪያ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

መካከለኛ ኃላፊዎችንም አትርሱ። ሚኒስትሮች ይቀያየራሉ። የሥራ ክፍል ኃላፊው ግን ቀጥሎ የመጣውንም ሚኒስትር የሚያስረዳው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ድጎማን በማንሳት ላይ ነው የምንሠራው። በአንድ ቀን ይሁን ወይስ በደረጃ?

በደረጃ መሄድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከፍጥነቱ የበለጠ ግን ቅደም ተከተሉ ይወስናል። ናይጄሪያ በጃንዋሪ 1 ቀን 2012 የቤንዚን ዋጋን ከ65 ወደ 141 ናይራ ገደማ በአንዴ ከፍ አደረገች። ማካካሻ በኋላ ይመጣል ተባለ። ማን ይመን? አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። ጃንዋሪ 16 ላይ ዋጋው ወደ 97 ናይራ ወረደ።

ኢራን በዲሴምበር 2010 ተቃራኒውን አደረገች። ዋጋው ከመጨመሩ በፊት ገንዘቡ በየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ገባ። ሰው ሒሳቡ ውስጥ መኖሩን ያያል፤ ማውጣት የሚችለው ግን አዲሱ ዋጋ ሲጀምር ነው። ጭማሪው በጣም ከባድ ሆኖ ሳለ ጅማሬው በሰላም አለፈ።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም፤ የእናንተም ትምህርት ያለው በቀጣዩ ክፍል ነው። ለአንድ ሰው በወር የሚሰጠው 455,000 ሪያል ለዓመታት ሳይለወጥ ቆየ። የዋጋ ንረቱ በላው። የነዳጁም ዋጋ ቢሆን ከንረቱ ጋር ስላልተስተካከለ ድጎማው በጓሮ በር ተመለሰ። የመጀመሪያውን ቀን በጥንቃቄ አቅዳችሁ ሦስተኛውን ዓመት እንዳትረሱ። ዋጋውም ማካካሻውም በምን ሒሳብ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ ከመነሻው ደንብ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ የሌላ አገር ምርጥ ተሞክሮ መውሰድ ምን ክፋት አለው? ሁሉን ነገር ከዜሮ መጀመር አለብን?

መውሰድ ክፋት የለውም። መልኩን ብቻ መውሰድ ነው ችግሩ። ላንት ፕሪቸት፣ ማት አንድሩስና ማይክል ዉልኮክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን ለዓመታት አጥንተዋል። ተቋማት የተሳካላቸውን መስለው ይታያሉ፤ ሥራውን ግን አይሠሩም ይላሉ። የፀረ ሙስና ኮሚሽን ይቋቋማል። አዋጅ አለው፣ ሕንፃ አለው፣ ዓርማ አለው። የመክሰስ ሥልጣንና ነፃነት ግን የለውም። ለይስሙላ ተቋቋመ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ መልኩ ብቻውን ብድርና እርዳታ ማስገኘቱ ነው፤ ስለዚህ ማንም ለማስተካከል አይቸኩልም።

ኢስቶኒያን ተመልከቱ። በ2001 ኤክስ ሮድ የተባለውን የመንግሥት መረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ጀመረች። ልምድ ሊቀስም የሚሄደው ልዑክ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሶፍትዌሩ ነው። ከሶፍትዌሩ ሥር ያለው ይበልጣል። እያንዳንዱ ሰው አንድ መለያ ቁጥር አለው። ከ2002 ጀምሮ የዲጂታል መታወቂያ ይሰጠዋል። ለአንድ ዓይነት መረጃ ሁለተኛ ቋት ማቋቋምንም ሕጉ ይከለክላል። ያ ሕግ በሌለበት ሶፍትዌሩን ብትገዙት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን መዝገብ ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ተሞክሮ ስታመጡ ያ አገር ምን ችግር ገጥሞት እንደጀመረው፣ ከዚያ በፊትም ምን እንዳስተካከለ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አቅም ውስን ስለሆነ ሥራውን የሚሠራው የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤታችን ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ይቆማል። ይህን በለዘብታ መናገር አልችልም፤ ብዙ ጥሩ ሥራ እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁ።

አዲስ ችግርም አይደለም። በ2005 የፓሪስ መግለጫ ላይ ለጋሾችና ተቀባይ አገሮች ከመደበኛው መዋቅር ጎን የሚቋቋሙ የፕሮጀክት ክፍሎችን በ2010 በሁለት ሦስተኛ ለመቀነስ ተስማምተው ነበር። ከ13ቱ ግቦች በዓለም ደረጃ የተሳካው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ይህ አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለጋሹ ሪፖርቱ በሰዓቱ ይደርሰዋል። ሚኒስትሩ ሰነዱ ቶሎ ያልቅለታል። ባለሙያው የተሻለ ደመወዝ ያገኛል። ሁሉም ለጊዜው ይጠቀማል። የተጎዳው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጎበዝ ሠራተኞቹም እየለቀቁ ወደ ፕሮጀክቱ ይገባሉ። በሰው ወርቅ አይደምቁ እንዲሉ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ የግድ ከሆነ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ይሁን፤ በክፍሉ ኃላፊ ሥር። አማካሪው ብቻውን ሰነድ አይጻፍ። ረቂቁን የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ይጀምር፤ አማካሪው ያርም። ይዘገያል፣ አውቃለሁ። መጀመሪያው ሰነድ ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ አራተኛውን ያለ እናንተ ይሠሩታል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ደግሞ የወጪው ትንሽ ድርሻ እንኳ ከመንግሥት በጀት ይውጣ። የበጀት ኮድ ያልተሰጠው ሥራ ለመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሥልጠና ሰጥተናል። ብዙ ሰው ተገኝቷል። ለውጥ ግን አይታይም።

የመጡት ሥራው የሚመለከታቸው ናቸው ወይስ አበሉ የደረሳቸው? ሲመለሱስ የተማሩትን የሚሠሩበት ቅጽ፣ ኮምፒውተር፣ ሥልጣን አላቸው? ለሁለቱም መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ የሚቀጥለውን ሥልጠና ሰርዙት። ገንዘቡን እዚያው ጠረጴዛቸው ድረስ ሄዶ አብሯቸው ለሚሠራ ሰው ክፈሉት።

ጥያቄ፦ መንግሥት ሲቀየር ሁሉም ነገር ይቀየራል። ከዚህ የሚተርፍ ማሻሻያ አለ?

አለ። የሜክሲኮው ፕሮግሬሳ በ1997 በገጠር ተጀመረ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩና የጤና ክትትል ለሚያደርጉ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሙን ለሁሉም በአንዴ ማድረስ ስለማይቻል 506 መንደሮች ተመርጠው 320ዎቹ በዕጣ ቀድመው ጀመሩ፤ 186ቱ ቆይተው ገቡ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ከመንግሥት ውጭ ያለ የምርምር ተቋም መዘነው።

በ2000 ለ71 ዓመት የገዛው ፓርቲ ተሸነፈ። አዲሶቹ ፕሮግራሙን መሰረዝ ይችሉ ነበር። ውጤቱ በቁጥር ጠረጴዛቸው ላይ ነበረ። ስሙን ኦፖርቱኒዳዴስ ብለው ወደ ከተሞችም አሰፉት። በ2014 እንደገና ስሙ ተቀየረና ፕሮስፔራ ተባለ፤ እስከ 2019ም ዘለቀ።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ማስረጃው ቀድሞ፣ ከገለልተኛ ወገን መምጣቱ አንዱ ነው። ሁለተኛው፦ ስሙን ልቀቁ። አዲስ ኃላፊ የራሱን አሻራ ይፈልጋል። ስሙ የእሱ ይሁን፤ አሠራሩ ይትረፍ። በዚህ የሚቀየሙ አማካሪዎች አሉ። እኔ ግን እንደ ትልቅ ድል ነው የማየው።

ለዘላለም አለመቆየቱንም ልብ በሉ። የተጠቃሚዎቹ ቁጥር በሚሊዮኖች ነበር፤ ሲቀር ግን ተደራጅቶ የጠበቀለት ጥቂት ነው። ማስረጃ ወዳጅ አይተካም።

ጥያቄ፦ ለጋሹ የሚጠይቀን የሰነድና የወርክሾፕ ብዛት ነው። ሌላ ምን ልንለካ እንችላለን?

ገንዘቡ ወይም አገልግሎቱ መጨረሻው ሰው ጋ መድረሱን ለኩ። ዩጋንዳ ለትምህርት ቤቶች ከምትመድበው የተማሪ ነፍስ ወከፍ ድጎማ ከ1991 እስከ 1995 ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር አንድ ጥናት አሳየ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ምን ያህል ገንዘብ ወዴት እንደተላከ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ በትምህርት ቤቶችም እንዲለጠፍ አደረገ። በ2001 በተደረገ ጥናት የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ።

ይህን ታሪክ "ጋዜጣ ሙስናን አሸነፈ" ብለው የሚያሳጥሩት አሉ። ትክክል አይደለም። በዚያው ጊዜ የገንዘብ አላላኩና ቁጥጥሩም ተለውጦ ነበር፤ ተመራማሪዎችም ይህን አንስተው ተከራክረዋል። ይህ ግን የመለካቱን ጥቅም አይቀንሰውም። 13 የምትለዋ ቁጥር ባትገኝ ኖሮ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አልነበረም። ለለጋሹም እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ብታቀርቡለት ብዙዎቹ ይሰማሉ። ደፍራችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። አማካሪዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ ምን ላድርግ?

አንተ ከሁሉም የተሻለ ቦታ ላይ ነህ፤ እነሱ ሲሄዱ ትቀራለህ። ለምን ይህን እንደመከሩ ጠይቃቸው፤ የትኛውን አማራጭ ለምን እንደጣሉም አስጽፍ። ከዓመት በኋላ ሁኔታው ሲለወጥ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። የኤክሴል ሞዴላቸውን ያለ ይለፍ ቃል ተረከብ፤ እነሱ ሳይሄዱ አንድ ጊዜ ራስህ ሠርተህ አሳያቸው። ምክሩ እናንተ ጋ እንደማይሠራ ካወቅክ ደግሞ በረቂቁ ጊዜ ተናገር። በቃል ማለቱ ከከበደህ በጽሑፍ ስጣቸው። ጥሩ አማካሪ ለዚያ ወረቀት ያመሰግንሃል።

ጥያቄ፦ አማካሪው መቼ ነው መውጣት ያለበት?

ኮንትራቱ ከሚያልቅበት ቀን ቀደም ብሎ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ሥራውን ለመሥሪያ ቤቱ ይልቀቅና ከዳር ሆኖ ይመልከት። ሲጠሩት ይምጣ፤ ካልጠሩት አይግባ። በዚያ ጊዜ የሚሰናከለው ነገር የቀረው ኮንትራት ውስጥ ሊጠገን ይችላል። ከሄደ በኋላ የሚሰናከለውን ግን የሚነግረውም የለም።