«አትፍረዱ» የሚለው ቃል ዳኛን ይከለክላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። በጣና ዳር ባለች አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር በስርቆት የተከሰሰ አንድ ወጣት ጥፋተኛ ሆኖ ስላገኘሁት በእስራት ቀጣሁት። በሳምንቱ እሑድ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቃ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» የሚለው የጌታ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋ አለ፤ ሥጋ ወደሙ መቀበልም ፈርቻለሁ። በዚህ ላይ የእናቴ አበልጅ የመሬት ክርክር እኔ ባለሁበት ችሎት ቀርቧል፤ ከዘጌም ሁለት ቁና ቡና ቤታችን ድረስ ልከዋል። ሥራውን ልተወው? ቡናውንስ ምን ላድርገው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ዳኛ ለሀገር በረከት ነውና መፍራትሽን አልነቅፍም። ግን ፍርሃትሽ ቦታውን ስቷል። የወጣቱን ፍርድ ፈርተሽ ቁርባን ትተሻል፤ ሊያስፈራሽ የሚገባው ቤትሽ የገባው ቡና ነው።

ጌታ «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» ብሎ ወዲያው የሚገሥጸው፣ በራሱ ዐይን ምሰሶ ተሸክሞ ከወንድሙ ዐይን ጉድፍ ላውጣ የሚለውን ግብዝ ነው (ማቴ. 7፥1-5)። የተከለከለው ማንም ሳይሾመን፣ ምስክር ሳንሰማ፣ ቡና ላይ ተቀምጠን በሰው ላይ የምንቆርጠው ፍርድ ነው። ያው ጌታ «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ብሏል (ዮሐ. 7፥24)። ኒቆዲሞስም ለአይሁድ አለቆች ሕጋችን ሰውየው ሳይሰማ በሰው ይፈርዳልን ብሎ ተከራክሯል። አንቺ ያንን ልጅ ሰምተሻል፤ ምስክርም ማስረጃም መዝነሻል።

ዳኝነት በመጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እንደጀመረ ልብ በዪ። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ይፈርድ ነበር፤ ሕዝቡም ፊቱ ተሰልፎ ይውል ነበር። አማቱ ዮቶር መጥቶ ይህን ሲያይ ይህ መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለው። እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ ሰዎችን መርጠህ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳ፣ የአሥር አለቆች አድርግ፣ ከባዱን ብቻ ወዳንተ ያምጡ ብሎ መከረው (ዘፀ. 18)። ዛሬ ከወረዳ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚወጣውን መሰላል ሳይ ያ ምክር ትዝ ይለኛል። ዳኞች የተሾሙት ሕዝብ በደጅ ጥናት እንዳይዝል ነው። ስለዚህ አንዲት መበለት ሐይቁን በጀልባ ተሻግራ፣ ስንቋን ቋጥራ፣ ከተማ ዘመድ ዘንድ አድራ ችሎት ስትደርስ «ቀጠሮ ተለውጧል» ተብላ የምትመለስ ከሆነ ዮቶር የፈራው ደርሷል ማለት ነው። ማዘግየት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መዝገብ ሳያነቡ ገብቶ ቀጠሮ መስጠት ግን ለእኔ ከግፍ አይለይም። ስለ ወጣቱ እንደተጨነቅሽ ስለ እነዚህም ራስሽን ጠይቂ።

ቅዱስ ጳውሎስ ባለ ሥልጣን «ለመልካም ነገር ለአንተ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው»፣ ሰይፍንም በከንቱ አይታጠቅም ይላል (ሮሜ 13)። ይህን ቃል ሹም ያደረገው ሁሉ ትክክል ነው ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ፤ ተሳስተዋል። አገልጋይ ከተባለ ጌታ አለበት። ጳውሎስ ራሱ ያለ ፍርድ በተደበደበ ጊዜ ዝም አላለም፤ በሮማዊው ገዢ በፊስጦስ ፊትም «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ» ብሎ በሕግ ተሟግቷል (ሐዋ. 25፥11)። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥም ዳኞችን ሲሾም «ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው አትፈርዱም» አላቸው። እንግዲህ ስልክ ተደውሎ ይህን መዝገብ እንዲህ አድርጊው ብትባዪ እሺ የማለት ሥልጣን የለሽም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ይላልና በዚህ ሕሊናሽና ሕጉ አንድ ናቸው። ጲላጦስን አስቢው። በደል አላገኘሁበትም ብሎ ሦስት ጊዜ መሰከረ፤ እውነቱን አላጣውም። «የቄሣር ወዳጅ አይደለህም» ሲሉት ግን ወንበሩን ፈርቶ ንጹሑን አሳልፎ ሰጠ።

አንዳንድ ምእመናን ክርስቲያን ዳኛ በፍትሐ ነገሥት ሊፈርድ ይገባዋል ሲሉ እሰማለሁ። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ያለው፣ መንፈሳዊውንም ሥጋዊውንም የያዘ፣ ነገሥታቱ ለዘመናት የፈረዱበት መጽሐፋችን ነው። ችሎት ላይ ግን የማልሽው የሀገሪቱን ሕግ ለማስከበር ነው፤ ፊትሽ የሚቆመውም ኦርቶዶክሳዊ ብቻ አይደለም። ኦሪትም «በሰውና በወንድሙ ከእርሱም ጋር ባለው መጻተኛ መካከል በጽድቅ ፍረዱ» ትላለች (ዘዳ. 1፥16)።

ወደዚያች እናት ልምጣ። ዘጌ ካለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄደሽ ከሆነ በግድግዳው ላይ ሰው ይበላ የነበረውን የበላዔ ሰብእን ሥዕል አይተሻል። በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ከኃጢአቱ ጋር ተመዘነ፤ በእርሷ ምልጃም እግዚአብሔር ማረው። ይህን አይተሽ «እኔስ ለምን አልምርም?» ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ያ ምሕረት የባለቤቱ የእግዚአብሔር ነው። አንቺ የተሰረቀበትን ሰው ምሕረት ከኪሱ አውጥተሽ ለሌላ ልትሰጪ አትችዪም። «ለድሀ አታድላ፥ ባለ ጠጋውንም አታክብር» የሚለው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የከለከለው ለዚህ ነው (ዘሌ. 19፥15)። ያ ማለት ልብሽን ድንጋይ አድርጊው ማለት አይደለም። የቅጣት ማቅለያም፣ ቅጣቱን አግዶ ማቆየት የሚባለው ገደብም ሕጉ ውስጥ አሉ። ዕድሜውን፣ ችግሩን፣ ጸጸቱን ከመፍረድሽ በፊት መዝነሽ ነበርን? መዝነሽ ከሆነ ሰላም ይሁንልሽ። ችላ ብለሽው ከሆነ ለንስሐ አባትሽ የምትናገሪው እሱን ነው።

ስለ ማስረጃ ከሶስና ታሪክ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ራሳቸውም ፈራጆች ሆነው፣ አመነዘረች ብለው በሐሰት መሰከሩባት፤ ጉባኤውም ሽበታቸውን አምኖ ሞት ፈረደባት። ዳንኤል ለያይቶ በየተራ ከየትኛው ዛፍ ሥር አያችሁ ብሎ ጠየቃቸው፤ አንዱ ሌላ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ተናገሩ። በአንድ ጥያቄ የሰው ነፍስ ዳነች። የተከበረ ሰው ሲመሰክር አንቺም ጠይቂ፤ ጥያቄሽን ድፍረት ነው ቢሉሽ አትሸማቀቂ።

አሁን ቡናው። ዛሬውኑ መልሺው። ሳይፈላ፣ ለጎረቤት ሳይቀመስ፣ ለቤተ ክርስቲያን ልስጠው ሳትዪ መልሺው፤ ምጽዋት ብታደርጊው እንኳ ተቀብለሽው ነበር። «ጉቦ የጥበበኞችን ዓይን ያሳውራል» የተባለው ስለ ሰነፎች አይደለም፣ ስለ ጥበበኞች ነው (ዘዳ. 16፥19)። አበልጃችሁ በክፋት ልከዋል አልልም፤ በእኛ ሀገር ዘመድ ለዘመድ መላክ ወግ ነው። ሌላኛው ተከራካሪ ግን ያንን ቁና ቢያይ ምን ይላል? አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ሲሉ በቅሎ የሚያህል ንብረት ቢያጡም ዳኛውን አምነው ይተኛሉ ማለታቸው ነው። የረታውም የተረታውም እንዲህ አምኖ ካልተኛ ፍርድሽ ትክክል ቢሆን እንኳ ግማሹ ጠፍቷል። ቡናውን ከመለስሽ በኋላ አበልጅነቱን ለፍርድ ቤቱ አሳውቀሽ ከችሎቱ ተነሺ፤ ተከራካሪው ዳኛዋ ትነሣልኝ እስኪል አትጠብቂ። እናትሽ ቢያኮርፉ ጥቂት ቀን ታገሺያቸው።

ሥራውን ልተወው ላልሽው፣ ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃ. 3፥14)። አትተዪው። ቡናው ከተመለሰ በኋላ ንስሐ አባትሽ ጋር ሄደሽ ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ሲፈቅዱልሽ ቅረቢና ቁረቢ። ያች እናት ደግማ ብታገኝሽ እጇን ይዘሽ አንሺያት። ስለ መዝገቡ አትከራከሪያት፤ ልጇ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው፣ ጊዜው ሳያልፍ ወደ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚሄዱ ንገሪያት። ማንበብ የማትችል ከሆነም ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት (ሬጅስትራር) አመልክቺያት።