የማን ነው ወተቱ? ለማዳ እንስሳት በሰውኛ ዓለም፦ ጥያቄና መልስ

ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ እንስሳት የሆኑበት አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ነበር። አህያው ጠበቃ ነው፤ ፍየሏ ቤት አከራይ። አንድ ቦታ ላይ አህያው ሻይ በወተት ያዝዛል። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ ዳር ላይ በእርሳስ ጽፎ መለሰልኝ፦ «የማን ነው ወተቱ?» ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የተማርኩት የእንስሳት እርባታ ነው፤ እኔ ያልመለስኩትን ማን ሊመልሰው ነው?

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሱስ ሆኖብኛል። እንስሳት ልብስ ለብሰው፣ ሥራ ውለው ወደ ቤት የሚገቡበትን «ሰውኛ» ዓለም የምትጽፉ ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ።

ጥያቄ፦ በዓለሜ ውስጥ ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ውሻ ግን አለ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ተኩላ ቢሆን ምንም አልልህም ነበር። ውሻ ግን ተኩላ ሰው አጠገብ ኖሮ ኖሮ የሆነው ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ ቦን ላይ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ መቃብር ተገኝቷል። ወንድ፣ ሴትና ውሻ አብረው ተቀብረውበታል። ዕድሜው 14 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። በግና ላም ገና ሳይላመዱ ማለት ነው።

የወደቀ ጆሮ፣ የተጠቀለለ ጅራት፣ ቡራቡሬ ፀጉር፣ ያጠረ አፍንጫ ዝም ብለው የመጡ ጌጦች አይደሉም። ለማዳ እንስሳ የመራጩን፣ ማለትም የትኛው ለዘር ይቅር ብሎ የወሰነውን፣ እጅ አካሉ ላይ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ሰውን ከዓለምህ ስታስወጣ የመራጩን ወንበር ባዶ ትተህ አትሂድ። ወይ ሰው ነበረና ጠፋ። ወይ ሌላ ዝርያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወይ ውሾቹ ራሳቸውን አላመዱ።

እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ያስጨንቃል። እግሩ አጭር የሆነ ውሻ አለ አይደል? ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንዲያድን ነው እንደዚያ ሆኖ የተመረጠው። አሁን ያ ውሻ ትንሽ ልጅ ሆኖ አያቱን «እኛ ለምን እንዲህ ሆንን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አያቱም መነጽራቸውን እየጠረጉ ወሬ ሲቀይሩ አስበው። አንድ ምዕራፍ ሙሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ «ራሳቸውን አላመዱ» ያልከው የምርህን ነው?

መልስ፦ የምሬን ነው። ድመትን እያት። እህል ሲከማች አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲመጣ የዱር ድመት ተከተለች። ማንም አልጠራትም። ቆጵሮስ ውስጥ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ወደ ደሴቲቱ በጀልባ ሳትመጣ አልቀረችም። እንዲያም ሆኖ አካሏ እስከ ዛሬ ከዱር ዘመዷ ብዙም አልራቀም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሰውኛ ዓለም ውስጥ አንዲት ድመት ለውሻ ጎረቤቷ «እናንተን አመጧችሁ፤ እኛ አይተን ገባን» ብትለው እውነቷን ነው። ጸብ ይነሳል፤ ለጸሐፊ ደግሞ ጸብ ሲሳይ ነው።

ቦኖቦ ስለሚባሉት የቺምፓንዚ ዘመዶችና ስለ ራሳችን ስለ ሰዎችም እንዲሁ «ራሳቸውን አላመዱ» የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ቁጡው እየተገፋ፣ ገሩ እየተመረጠ መጣን ነው የሚሉት። መላምት ነው፤ ለልብ ወለድ ግን ይበቃል።

ጥያቄ፦ በታሪኬ አንድ ገዢ ሕዝቡን «ለማዳ» ማድረግ ይፈልጋል። ስንት ትውልድ ይፈጅበታል?

መልስ፦ ክፉ ጥያቄ ነው፤ ወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ1959 የሶቪየቱ የዘረመል ተመራማሪ ድሚትሪ ቤልያዬቭ ለፀጉራቸው ሲባል የሚረቡ ቀበሮዎችን ይዞ ሙከራ ጀመረ። የመምረጫው መስፈርት አንድ ብቻ ነበር፦ ሰውን አለመፍራት። አንድ ሰው ምግብ ይዞ እጁን ወደ ሽቦ ቤቱ ይሰዳል። ግልገሉ ይነክሳል? ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል? ወይስ ቀርቦ ያሸታል? ያሸተተው ለዘር ይቀራል። በ10ኛው ትውልድ ከ100 ግልገሎች 18ቱ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን የሚቆሉ፣ ካልነካችሁን የሚሉ ሆኑ። ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሞት ሥራውን ሉድሚላ ትሩት ቀጠለችበት።

ብዙ ሰው የሚያወራው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ጆሮ ወደቀ፣ ግንባር ላይ ነጭ ምልክት ወጣ፣ ጅራት ተጠቀለለ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። እነዚያ ቀበሮዎች የዘር ሐረጋቸው ካናዳ ውስጥ ካለው የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የፀጉር እርባታ የሚመዘዝ ነው። ነጭ ምልክቱና ሌላ ሌላውም እዚያ ቀድሞ ይታይ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የጠባዩ ለውጥ እውነት ነው፤ የመልኩ ግን ያከራክራል።

ወደ ገዢህ ስንመለስ፣ ቀበሮ በዓመቱ ይወልዳል። ያንተ ሰውኛ ቀበሮ ግን ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ አግብቶ በ20 ዓመቱ ከወለደ 10 ትውልድ ማለት 200 ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ገዢ አይበቃህም፤ ሥርወ መንግሥት ያስፈልግሃል። ወይም መሥሪያ ቤት። መሥሪያ ቤቱ የበለጠ ያስፈራል፤ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጥ አንድ መስኮት ብቻ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ወተቱ የማን ነው?

መልስ፦ እንግዲህ እዚህ ደረስን። ብዙ ሰውኛ ዓለማት ውስጥ ያለው ወተት «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ዓይነት ነው። ብርጭቆው አለ፤ ላሟ የለችም።

መጀመሪያ የሚረሳው ነገር፦ ላም ካልወለደች አትታለብም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ጀርባ ልጅ አለ። ላሟ የምትናገር ከሆነች ወተት መሸጥ ሥራ ነው፤ የሌላን ሰው ልጅ በደመወዝ እንደሚያጠቡ ሴቶች ዓይነት። ውል ይኖረዋል፤ ሰዓት ይኖረዋል፤ «ለልጅሽ ምን ተረፈው?» የሚል አማት አይጠፋም። የወተት ላም ደግሞ ጥጃዋ ከሚጠባው እጅግ አብልጣ እንድትሰጥ ሆና የተመረጠች ናት። ካልታለበች ጡቷ ይወጠራል፤ ታማለች። እንደዚያ ያለች ላም በዓለምህ ካለች ተመልሰን መራጩ ማን ነበር ወደሚለው ሄድን።

ሌላው የጠጪው ሆድ ነው። አጥቢ እንስሳት ካደጉ በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት ችሎታቸው ይቀንሳል። አዋቂ ሆነው ወተት የሚስማማቸው ሰዎች የሚበዙት ከብት አርብተው ለሺዎች ዓመታት በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ነው። አውሮፓና አፍሪካ ውስጥም ችሎታው ለየብቻው ነው የመጣው። የኔ ጠበቃ ያን ሻይ ጨልጦ ችሎት ቢገባ ኖሮ ዳኛው ፊት ሆዱ ይጮህ ነበር።

ጥያቄ፦ የሱፍ ነገርስ? በጎቼ ልብስ ይለብሳሉ፤ ሱፋቸውን ምን ላድርገው?

መልስ፦ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ይሄ ነው። የዱር በግ ፀጉሩ በየዓመቱ ራሱ ይረግፋል። ሱፍ እንዲሰጥ የተመረጠው በግ ግን አይረግፍለትም፤ ያድጋል፣ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ ከመንጋው ጠፍቶ ለዓመታት ብቻውን የኖረ በግ ተገኘ። ሲሸለት ከ40 ኪሎ በላይ ሱፍ ወረደለት። መራመድ አቅቶት ነበር።

እንግዲህ ይሄን ወደ ሰውኛ ዓለም አምጡት። በግ ዜጋ ሸላች ከሌለው ይሞታል። ከድሃ ሰፈር የመጣን በግ በምን እንደምትለዩት አሰብኩ፦ ዓይኑን በሸፈነው ሱፍ። ሥራ ለመጠየቅ ገብቶ ቅጹን ለማንበብ ግንባሩን በአንድ እጁ ወደ ላይ ይገፋል። ፀሐፊዋ ትንሽ ታስብና ከመሳቢያዋ ማበጠሪያ ታወጣለች። ቃል አይወጣትም። እኔ ይሄን ጽፌ እስካሁን የት እንደማስገባው አላውቅም፤ የፈለገ ይውሰደው።

ሱፉ የማን ንብረት ነው የሚለውንም አትርሱ። ሸላቹ ነው የሚከፍለው ወይስ በጉ?

ጥያቄ፦ የሜዳ አህያና ፈረስ በአንድ ከተማ ቢኖሩ ልዩነት ይኖራቸዋል?

መልስ፦ እንዴት አይኖራቸውም! መግራትና ማላመድ አንድ አይደሉም። መግራት የአንድ እንስሳ ጉዳይ ነው፤ ማላመድ የዘር። ዋልተር ሮትሺልድ የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት አጥኚ በሜዳ አህያ የሚጎተት ጋሪ ለንደን ውስጥ ነድቷል። ግን የነዳው የተገሩ የሜዳ አህዮችን ነው፤ ዘራቸው አልተላመደም። ዝሆንም ለሺዎች ዓመታት ሠርቷል፤ እርግዝናው ብቻ 22 ወር ስለሚፈጅ ከማርባት ከዱር መያዝ ይቀል ነበር። አቦሸማኔም የነገሥታት አዳኝ ሆኖ ሲኖር ግቢ ውስጥ መውለድ እምቢ አለ።

ስለዚህ የሜዳ አህያው «የኛ ዘር ኮርቻ አልተጫነበትም» እያለ ይኮራል። ፈረሱ «እናንተማ የት ደረሳችሁ?» ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ያናድዳሉ።

ጥያቄ፦ የሚናገር እንስሳ ሌላ እንስሳ ቢያረባ አይከብድም? አንባቢ አይቀበለኝም ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ አትፍሪ፤ ተፈጥሮ ቀድማሻለች። ጉንዳኖች የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳትን እንደ መንጋ ይጠብቃሉ። በአንቴናቸው ነካ ነካ ሲያደርጓቸው ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጧቸዋል። ከጠላት ይከላከሉላቸዋል፤ አንዳንዶቹ እንዳይበሩ ክንፋቸውን ይቆርጣሉ። ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ደግሞ ፈንገስ ያርሳሉ። በካሪቢያን ባሕር ያለች አንዲት ዓሣም የአልጌ ማሳዋን ስትጠብቅ ጥቃቅን ሽሪምፖችን አስጠግታ እንደምታኖርና እነሱም ማሳዋን እንደሚያዳብሩላት እ.ኤ.አ. በ2020 ተጽፏል። እረኝነት የሰው ብቻ አይደለም።

የሚከብደው መስመሩን ማስመር ነው። ማን ይናገራል፣ ማን አይናገርም? አጥቢና ወፍ ይናገራል፣ ነፍሳት አይናገሩም ካልሽ ማር አለሽ፣ ሐር አለሽ። የሐር ትልማ ከሰው ጋር ብዙ ሺህ ዓመት ከመኖሯ የተነሳ ቢራቢሮዋ መብረር እንኳ አትችልም። መስመሩን አንዴ ካሰመርሽ ግን አትነቅነቂው። ምዕራፍ 2 ላይ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦ ምዕራፍ 9 ላይ ዓሣ ፖስታ ቢያመጣ አንባቢሽ መጽሐፉን ይዘጋል።

ጥያቄ፦ በቅሎ?

መልስ፦ «በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ።» ተረቱ ራሱ ሰውኛ ልብ ወለድ ነው፤ ጨርሶታል። ፈረስ 64 ክሮሞሶም (ዘረመልን የሚሸከም ክር) አላት፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63። 63 ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይገጥምም፤ ስለዚህ አይወልድም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የበቅሎ ቤተሰብ፣ የበቅሎ ጎሳ፣ የበቅሎ ሰፈር የሚባል አይኖርም። እያንዳንዱ በቅሎ ከሌላ ዓለም እንደመጣ ሆኖ ይጀምራል፤ ወላጆቹን አይመስልም፣ ልጅም አይተካም። ማህበር ቢያቋቁሙ ግን አይገርመኝም። የስብሰባው አዳራሽ ሁሌም ሙሉ ነው፤ አንድም ሕፃን የለበትም።

ጥያቄ፦ ሥጋ በሎቹ ምን ይብሉ?

መልስ፦ እንደ በሊው ይለያያል። ድመት ሥጋ ውስጥ ያለው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ካልገባላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ፤ ቅጠል ብዪ ማለት አይሆንም። ውሻ ግን እህል ውስጥ ያለውን ስታርች ከተኩላ በተሻለ ይፈጫል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ውሻና ተኩላ አብረው ቢቆሙ የሚጠግበው ውሻው ነው።

ጥያቄ፦ ቃጭል፣ ልጓም፣ ቀንበር በሰውኛ ዓለም ምን ይሆናሉ?

መልስ፦ የቤተሰብ ቅርስ ይሆናሉ፤ ወይ ስድብ። በተለይ ቃጭሉን አስቡት። መንጋ የሚመራው ብዙ ጊዜ የተኮላሸ ሙክት ነበር፤ አንገቱ ላይ ቃጭል ታስሮ ሌሎቹ ድምፁን ይከተላሉ። ቄራዎች ውስጥ ደግሞ በጎቹን እስከ በሩ መርቶ እሱ ብቻ በጎን በር የሚወጣ ፍየል ነበር። አሁን ያ ፍየል ቃጭል ነበረው እንበል፤ ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጆቹ መሳቢያ ሲበረብሩ ቃጭሉን አገኙት። ልጆች ናቸው፤ ያንቃጭሉታል። ጎረቤት ያሉት በጎች ሳያስቡት ከወንበራቸው ይነሳሉ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ አህያው መጨረሻ ላይ ምን ጠጣ?

መልስ፦ ጥቁር ሻይ። ፍየሏ ግን ኪራይ ጨመረችበት።