ማታ በቤተ መጻሕፍት ለአዋቂዎች ነጻ ትምህርት ቢጀመር ሰው ይመጣል?

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልን እህት፣ «በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማታ ማታ ለአዋቂዎች ነጻ ትምህርት ብንጀምር ሰው ይመጣል ወይ? ከምንስ እንጀምር?» ብለሻል። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። አዎ፣ ይመጣል። ነጻ መሆኑ ብቻውን ግን ሰው አያመጣም።

ሲለፋ የዋለ ሰው ማታ ከቤቱ የሚወጣው ለነገ ጠዋት የሚሆነው ነገር ካገኘ ነው። እኛ ጋ ወንበር የጠፋው ስልክ አጠቃቀም ስናስተምር ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የእንጀራውም የበርበሬውም ሂሳብ በስልክ እየሆነ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ታዲያ ስልኩን ለባለሱቅ ይሰጥና የሚስጥር ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግረዋል። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

አንዲት እንጀራ የሚሸጡ እናት ይመጡ ነበር። ብር ሲገባ የሚመጣውን መልእክት ሰሌዳው ላይ እንዳለ ገለበጥንላቸው። ቁጥሩን ወዲያው አነበቡት፤ የገበያ ሰው ቁጥር ያውቃል። ከዚያ የላኪውን ስም፣ ከዚያ ቀሪ ሂሳቡን ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ ፊደል በፊደል ለዩ። በኋላ አንድ ደንበኛ «ልኬያለሁ» ብሎ ከስልኩ ላይ ፎቶ ሲያሳያቸው፣ የራሳቸውን ስልክ ከፍተው «እኔ ጋ አልገባም፣ ልጄ» አሉት። ሲነግሩን ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ስለዚህ ከቁጥር ጀምሪ፤ ፊደሉ ይከተላል። የሚስጥር ቁጥርን ለማንም አለመንገርን ደግሞ በየማታው ድገሚላቸው።

ማስታወቂያው ላይ «ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ» ብለሽ አትጻፊ። በጎረቤት ፊት በዚህ ስም ገብቶ የሚቀመጥ የለም። «ስልክ፣ ደብዳቤና ሂሳብ» በይው፤ ራሳቸው ይመጣሉ።

አዛውንቶቹ ስለ መሠረተ ትምህርት ያነሱብሻል። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እነሱ ወጣቶች ነበሩ። እኛ ጋ ከሚመጡት አንዳንዶቹ ያኔ ፊደል ቆጥረው፣ ምስክር ወረቀትም ተቀብለው፣ ቤታቸው የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ረስተውታል። የቤተ መጻሕፍት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ መጽሐፉ እዚያው መደርደሪያው ላይ አለ። አጫጭርና ፊደላቸው ተለቅ ያለ ተረቶችን ለብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ወደ ቤት የሚዋሱበትንም መንገድ ከወዲሁ ከኃላፊው ጋር ጨርሱ።

ሰዓቱን በደንብ አስቢበት። የመንዝን ብርድ ለአንቺ አልነግርሽም። እኛ 11፡30 ጀምረን 1 ሰዓት ሳይሞላ እንዘጋለን፤ ባጃጅ ሳይጠፋ፣ እራት ሳይመሽ። እናቶች ከጎረቤታቸው ጋር ተጠራርተው እንዲመጡ ንገሪያቸው፣ ሲመለሱ አይፈሩም። ልጅ ይዘው ቢመጡም ሥዕል ያለው መጽሐፍ ሰጥቶ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ነው። ልጅ አታምጡ ካልሽ እናቲቱም ትቀራለች።

ቁልፍ የሚይዘውና አምሽቶ የሚዘጋው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው በደብዳቤ ይታወቅ። በቃል የተባለ ነገር ጥበቃው ሲቀየር ይቀራል። መብራት ስለሚሄድ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ይኑራችሁ። ለአስተማሪነት ጡረታ የወጡ መምህራንን ለምኚ፤ ትዕግሥታቸው ሌላ ነው፣ ሰውም ያከብራቸዋል።

ብቻ በነሐሴ አትጀምሩ። በፍልሰታ ሰው ጾምና ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው፤ ዝናቡም አለ። መስቀል ይለፍና ጀምሩ።